በሌሉበት የተፈረደባቸው

በዚህች አገር ያለ ክስ፣ ያለ ምስክርና ያለ ይግባኝ የሞት ፍርድ የሚፈጸምበት አንድ ቦታ ቀርቷል፤ እሱም የእያንዳንዳችን ቤት ነው። ዳኛው በሌሊት ልብስ ይሰየማል። ፍርዱ የሚፈጸመው በነጠላ ጫማ ነው። ተከሳሹን ስምህ ማነው፣ ዕድሜህ ስንት ነው፣ አድራሻህ የት ነው ያለው የለም። መብራቱ በራ፣ ጫማው አረፈ፣ መዝገቡ ተዘጋ። ይህን እያዩ ዝም ማለት ለኅሊና ስለሚከብድ፣ ለትኋን፣ ለበረሮ፣ ለቁንጫ፣ ለነቀዝ፣ ለአይጥ፣ ለምስጥና በጓሮ ለሚኖሩ ጓደኞቻቸው ጠበቃ ሆኜ ቀርቤያለሁ። የጥብቅና ፈቃድ የለህም የሚለኝ ቢኖር፣ ደንበኞቼም የመኖሪያ ፈቃድ የላቸውም፤ ተመጣጥነናል።

እንዲህ ያለው ጥብቅና አዲስ አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኦተን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ አይጦች የገብስ አዝመራ አጥፍታችኋል ተብለው በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ሲከሰሱ፣ በርተሎሚ ደ ሻሰኔ የተባለ የሕግ ሰው ቆመላቸው ይባላል። ተከሳሾቹ ስላልቀረቡ ይፈረድባቸው ሲባል፣ ደንበኞቼ በየመንደሩ ተበትነው ስለሚኖሩ አንድ መጥሪያ ለሁሉም አይደርስም ብሎ ተከራከረ። መጥሪያው በየደብሩ እንዲነበብ ታዘዘ። አሁንም አልመጡም። ሻሰኔም መንገዱ ሩቅ መሆኑን፣ በየደጃፉ ድመት አድፍጣ እንደምትጠብቅ፣ ሕይወቱ የሚያሰጋው ተከሳሽም ባለመቅረቡ ሊቀጣ እንደማይገባ አስረዳ። ይህ ሰው ኋላ የፕሮቫንስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደርሷል። እኔ ሹመቱን አልመኝም፤ የክርክሩን መነሻ ብቻ እዋሳለሁ። ተከሳሽ በአግባቡ ሳይለይ አይፈረድበትም።

የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያዬም ይኸው ነው። በየሰፈሩ በድምፅ ማጉያ «የአይጥ፣ የበረሮ፣ የትኋን፣ የቁንጫ መድኃኒት!» እያለ የሚዞረውን ሻጭ አድምጡት። አራት ተከሳሽ፣ አራት ዓይነት ክስ፣ አንድ ኪስ። ገዢውም «የቱ ነው ቤትህ የገባው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ኧረ አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው» ይላል። በአያቶቻችን ዘመን ሌባ ሲሰወር ሌባ ሻይ ይቆም ነበር፤ መድኃኒት የጠጣው ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ያ ሥርዓት ኋላ ቀር ነው ተብሎ ቀረ። ዛሬ መድኃኒቱን የምናጠጣው ፍራሹን ነው፤ በማግስቱ የሚንገዳገደውም ባለ ፍራሹ ነው።

አንደኛ ደንበኛ፦ ትኋን

ትኋን ቀይ ቡናማ፣ ከላይ ወደ ታች ጠፍጣፋ፣ በመጠንም በቅርጽም የተልባ ፍሬ የሚያህል ፍጡር ነው። ክንፍ የለውም፤ አይዘልም፤ የትም የሚሄደው በእግሩ ወይም በእናንተ ሻንጣ ነው። ክሱ «ነከሰኝ» የሚል ነው። ማስረጃውስ? ክንድ ላይ የወጣ እብጠት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ቢምቢም ቁንጫም ያሳብጣሉ፤ ሐኪም እንኳ እብጠቱን አይቶ ነካሹን በስም ለመጥራት ይቸገራል። አንዳንድ ሰው ደግሞ ተነክሶም ምልክት አያወጣም። ስለዚህ ከባልና ሚስት አንዱ ሲያክ ሲያድር ሌላው «እኔን ምንም አልነካኝም፤ ያንተ ቆዳ ነው» ይላል፤ ደንበኛዬ በስፌቱ ውስጥ ተኝቶ ትዳሩ ይከሰሳል። ሕጋዊ ማስረጃ የሚገኘው ከፍራሹ ስፌትና ከአልጋው መጋጠሚያ ነው፤ የብዕር ቀለም ጠብ ያለበት የሚመስል ጥቁር ነጥብ፣ ተገፍፎ የቀረ ቅርፊት፣ አንድ ሚሊ ሜትር የምትሆን ነጭ ዕንቁላል። ይህ ካልተገኘ ደንበኛዬ በነፃ ይሰናበት።

ስለ ጠባዩ ከተጠየቅሁ፣ በከተማችን ከሱ የበለጠ ቁጥብ ተመጋቢ አላውቅም። ማዕድ ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቢቆይ ነው፤ ከጠገበ ለቀናት ዞር ብሎ አያይም። እስኪጎለምስ ድረስ አምስት ጊዜ ቆዳውን ይቀይራል፤ ለእያንዳንዱ ቅያሪ አንድ ገበታ ይበቃዋል። የኑሮ ውድነት አላማረረውም፤ ለወራት ይጾማል። በሰው ላይ በሽታ በማስተላለፍ ተጠርጥሮ ቢመረመርም እስካሁን አልተረጋገጠበትም፤ ይህን ንጽሕና ቢምቢ ማቅረብ አትችልም።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ክሱን በዝርዝር የማወቅ፣ እስኪፈረድበት ንጹሕ ሆኖ የመቆጠርና በጠበቃ የመወከል መብት እንዳለው ይናገራል። «አንቀጹ የሚናገረው ስለ ሰው ነው» የሚል ተቃውሞ እጠብቃለሁ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ የደንበኛዬ ሆድ ይመርመር፤ የሚገኘው ደም የሰው ነው፤ ያውም የከሳሹ። በደም የተሳሰሩ ወገኖች ጉዳያቸውን በሽማግሌ ቢጨርሱ ይሻል ነበር።

ይዞታ ከተነሳም፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የዘረመል ጥናት የትኋን ወገን ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለውና በዳይኖሰሮች ዘመን እንደነበረ አሳይቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1168 የማይንቀሳቀስ ንብረት ይዞ ለ15 ዓመት በተከታታይ ግብር የከፈለ ሰው ባለቤት እንደሚሆን ይደነግጋል። ደንበኛዬ ከግብሩ በስተቀር ሁሉንም አሟልቷል። ግብርን በተመለከተ እሱ ከሰብሳቢዎቹ ወገን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1939 ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት ፓውል ሙለር ዲዲቲ ነፍሳትን እንደሚገድል ደረሰበት፤ በ1948 የኖቤል ሽልማት ተሸለመ። ብዙም ሳይቆይ ዲዲቲ የማይበግራቸው ትኋኖች በየአገሩ ብቅ አሉ። ይህ በሕግ ቋንቋ ይግባኝ ይባላል፤ ተሳክቷልም። ደንበኛዬ ተከራክሮ መርታት የተሳነው ሙቀትን ብቻ ነው። 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይችልም፤ የፈላ ውሃ በአልጋው መጋጠሚያ ሲወርድ፣ አንሶላው በሚያቃጥል ውሃ ሲታጠብ፣ ይግባኝ አይልም። ይህን የተናገርኩት በጠበቃና በደንበኛ መካከል ባለ ምስጢር ስለሆነ አንባቢ እንዳልሰማ ይቁጠረው።

ሁለተኛ ደንበኛ፦ በረሮ

የበረሮ ጉዳይ በመሠረቱ የዜግነት ጉዳይ ነው። ከአንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል እምብዛም የማይበልጠው፣ ከራሱ ኋላ ሁለት ጥቁር ሰረዝ ያለው ትንሹ በረሮ በሳይንስ መዝገብ «ጀርመናዊ» ተብሏል፤ መታወቂያውን የሰጠው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1767። በ2024 የወጣ የዘረመል ጥናት ግን ዘሩ ከ2,100 ዓመት ገደማ በፊት ከደቡብ እስያ በኩል እንደተነሳ አመልክቷል። አራት ሳንቲ ሜትር የሚደርሰው፣ ቀላ ያለው፣ ከመጸዳጃ ቱቦ የሚወጣው ትልቁ ደግሞ «አሜሪካዊ» ተብሏል፤ የትውልድ አገሩ አፍሪካ ነው። ጀርመኑ ጀርመን ሳይሆን፣ አሜሪካዊውም የኛው አህጉር ልጅ ሆኖ፣ በተሳሳተ ወረቀት ከ250 ዓመት በላይ ተንከራተዋል። ተጠያቂው መታወቂያውን የሰጠው ክፍል እንጂ ባለ መታወቂያው አይደለም፤ ቀበሌ ደጅ የጠና ሁሉ ይመሰክርልኛል።

መለየቱ ለፍርዱም ይጠቅማል። የትንሹ አድራሻ ሙቀትና እርጥበት ያለበት ነው፤ ከማቀዝቀዣው ሞተር ኋላ፣ ከኤሌክትሪክ ምጣዱ ሥር፣ ከእቃ ማጠቢያው በታች። እናቲቱ ከ30 እስከ 40 ዕንቁላል የያዘውን ከረጢት ሊፈለፈል እስኪቃረብ ተሸክማው ትዞራለች፤ በእናትነቷ የሚነቅፋት የለም። ትልቁ መምጫው ቱቦ ስለሆነ፣ ማድ ቤቱን በመድኃኒት አጥቦ የፍሳሹን ክዳን ክፍት የተወ ከሳሽ መጥሪያውን የላከው ወደ ተሳሳተ አድራሻ ነው።

ስለ ጽናታቸው እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ይመስክር። ጣፋጭ መርዝ ሲቀርብላቸው ከኖሩት ትንንሽ በረሮዎች ከፊሎቹ ግሉኮስ እንደ መራራ ነገር እንዲሰማቸው ሆነው ተለውጠዋል። «ስኳር አቁሜያለሁ» ብለው በሁለተኛው ስኒ የሚረሱ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ፤ ደንበኞቼ ግን ቃላቸውን ለልጅ ልጅ አውርሰዋል። ረሃብንም ከብዙዎቻችን በተሻለ ይችላሉ። የማይችሉት ጥማትን ነው፤ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ የተጠገነ ዕለት ኑሮ ይመራቸዋል። ይህንንም አልነገርኳችሁም።

ሦስተኛ ደንበኛ፦ ቁንጫ

ትኋን ከላይ ወደ ታች ሲጨፈለቅ ቁንጫ ከግራና ከቀኝ ተጨፍልቃለች፤ በፀጉር መካከል እንድትሹለክ። ሁለቱን በዚህ መለየት ይቻላል፤ ሲነኳት ከዘለለችም ጥርጥር የለም። ክንፍ ሳይኖራት ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ትዘላለች። ልጆቿ ማንንም አይነክሱም፤ ትል መሳይ ሆነው በወለሉ አቧራና ስንጥቅ ውስጥ ነው የሚያድጉት። ስለዚህ ውሻውን እያጠበ ወለሉን የማይጠርግ ከሳሽ ወላጅ አስሮ ልጆች የሚያሳድግ ነው።

ለአቅመ መንከስ ስትደርስ ደግሞ በድር ተጠቅልላ ለወራት መቆየት ትችላለች፤ ተከራይ በለቀቀበት ባዶ ቤት ውስጥ አድፍጣ ትጠብቅና የአዲሱ ተከራይ ኮቴ ወለሉን ሲነቀንቀው ትወጣለች። በዚህ ከተማ አከራይ በር ላይ ቆሞ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ማለት ከተወ ቆይቷል። ባህሉን ጠብቃ ያቆየች ደንበኛዬ ናት።

አራተኛ ደንበኛ፦ ነቀዝ

የበቆሎና የስንዴ ነቀዝ አፍንጫዋ ረዥም ነው። ፍሬውን ትበሳለች፣ አንድ ዕንቁላል ታኖርበታለች፣ ቀዳዳውን ራሷ ታሽገዋለች። ልጅየው እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው በልቶ፣ እዚያው አድጎ፣ ከወር በኋላ ክብ በር ከፍቶ ይወጣል። ቤትና ቀለብ በአንድ የበቆሎ ፍሬ! የመኖሪያ ቤት ችግርን እንዲህ ባነሰ ካሬ የፈታ ባለሙያ ካለ ቀርቦ ይከራከረኝ። በሽምብራ ላይ የሚገኘው ግን ሌላ ተከሳሽ ነው፤ ረዥም አፍንጫ የለውም፣ ዕንቁላሉንም ከፍሬው ቆዳ ላይ ነጭ ነጥብ አድርጎ ይለጥፈዋል። ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቶ በአንድ መዝገብ መክሰስ የሥነ ሥርዓት ጉድለት ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ነቀዝ ጤፍን አትነካም፤ ፍሬዋ ልጅ ለማሳደግ ትጠባለች። የጤፍ ዋጋ ሲያሻቅብ ጣት የሚቀሰርባቸው ብዙ ናቸው፤ ነቀዝ ከነሱ አንዷ አለመሆኗ በመዝገብ ይያዝልኝ። ድክመቷን ካነሳን፣ በደንብ የደረቀ እህል ሦስት ድርብ ባለው አየር በማያስገባ ከረጢት ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ፣ ውስጥ ያለውን አየር ጨርሳ ታልቃለች። መርዝ አያስፈልግም። ይህ ያለ ጠባቂ የተያዘ ምስጢር ስለሆነ የእህል ነጋዴም የቤት እመቤትም ባያውቁት ደስ ይለኛል።

አምስተኛ ደንበኛ፦ አይጥ

ለአይጥ ምስክር የሚሆነው የሕዝቡ ተረት ነው። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይባላል፤ ፍርዱ በተሳሳተ አካል ላይ መፈጸሙን ሕዝቡ ራሱ አምኗል ማለት ነው። ደንበኛዬ ስለ ዳዋው በበኩሏ ተቃውሞ የላትም። «የአይጥ ምስክሯ ድምቢጥ» ደግሞ ይባላል፤ ምስክር አቅርባ በመገኘቷ የምትነቀፍ ተከሳሽ ከሷ ሌላ አላውቅም።

በዚህም መዝገብ ሁለት ተከሳሾች ተደባልቀዋል። ኩሱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ጫፉ ሹል ከሆነ የቤት አይጥ ናት፤ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ አይጠ መጎጥ ነው። ልዩነቱ የጠባይም ነው። አይጥ አዲስ ነገር ትወዳለች፤ ወጥመዱን ባስቀመጣችሁበት ሌሊት ትጎበኘዋለች። አይጠ መጎጥ አዲስ ዕቃ ይፈራል፤ ለቀናት ዞሮ ያልፈዋል፤ ወጥመዱን ሳያጠምድ መብሉን ብቻ አስለምዶት የሚጠብቅ ሰው ነው የሚይዘው። ለአይጥ ስድስት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በቂ በር ነው፤ የፊት ጥርሶቿም ዕድሜ ልካቸውን ስለሚያድጉ መቆርጠም ግዴታዋ እንጂ ምርጫዋ አይደለም። የቁጠባ ደብተር በልታለች ለሚለው ክስ መልሳችን አጭር ነው፤ የበላችው ደብተሩን ነው። ቁጠባውን ማን እንደበላው ከሳሽ ያውቀዋል።

ስድስተኛ ደንበኛ፦ ምስጥ

ምስጥን «ነጭ ጉንዳን» የሚሉ አሉ። የጉንዳን ወገቡ ቀጭን፣ አንቴናውም የታጠፈ ነው፤ የምስጥ ወገብ ወፍራም፣ አንቴናው ቀጥ ያለ ነው። የዘር ሐረጉ ከበረሮ ጋር ስለሆነ ሁለቱ ደንበኞቼ በውርስ ጉዳይ ሊገናኙ ይችላሉ። ከምስጥ ወገን እንጉዳይ የሚያለማም አለ፤ የበላውን እንጨትና ሣር በኩይሳው ውስጥ ማሳ አድርጎ እንጉዳይ ያበቅልበታል። ይህ ግብርና ነው፤ በምዕራብ ወለጋ ገበሬዎች ለአሥርት ዓመታት ማሳቸውንና የሣር ክዳናቸውን በላ ብለው የከሰሱት ደንበኛዬ በመልሱ «እኔም ገበሬ ነኝ» ብሏል።

ምልክቱ በግድግዳ ላይ የሚወጣ ቀጭን የአፈር ቱቦ ነው፤ ብርሃን ስለማይወድ መንገዱን ሸፍኖ ይሄዳል። እንጨቱን ከውስጥ ይበላና ቆዳውን እንዳለ ይተወዋል፤ በሩ በር መስሎ፣ መደርደሪያው መደርደሪያ መስሎ ይቆያል። ውስጡ ባዶ ሆኖ ውጪው ቆሞ የሚታይ ነገር በእንጨት ብቻ ስላልተወሰነ፣ በዚህ ሙያ ደንበኛዬ ብቻውን ሊጠየቅ አይገባም።

የጓሮ ደንበኞች

ጎመን ላይ አመድ የተነፋበት የሚመስል ክምችት ካያችሁ ክሽክሽ ነው። እናቲቱ ያለ ወንድ፣ ያለ ዕንቁላል፣ ሕይወት ያለው ልጅ ትወልዳለች፤ የሰርግ ወጪ ከቤተሰብ በጀት ላይ የወጣበት ብቸኛው ማኅበረሰብ ይህ ነው። አንዳንዱ የክሽክሽ ዘር የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚወዱ ጉንዳኖች ይጠብቁታል፤ የግል ጥበቃ ያለው ተከሳሽ ነው። በሳሙና ውሃ መታጠብ ግን ይከብደዋል።

በቆሎ ላይ ግንባሩ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ ፊደል፣ ከጅራቱ አቅራቢያ በካሬ የተደረደሩ አራት ነጥቦች ያሉት ትል ካገኛችሁ ከአሜሪካ የመጣው መጤ ተምች ነው፤ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ማንነቱን ግንባሩ ላይ ጽፎ የሚሄድ ተከሳሽ ይህ ብቻ ሆኖ ሳለ እሱንም ከሌላው ትል የሚያምታታው አለ።

የአፈር ክምሩ በአንድ ሌሊት ከበዛ ፍልፈል ነው። ብቻውን ይኖራል፤ ጎረቤት አይወድም፤ ሥርና ድንች ይበላል። ባሌ ውስጥ ያለው ትልቁ ዘመዱ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን ቀይ ቀበሮ ይመግባል። ብሔራዊ ቅርስ የሚቀልብ ቤተሰብ ድንች ሰረቀ ተብሎ ሲከሰስ መስማት ያሳፍራል።

እዚህ ላይ ለፍርድ ቤቱ መግለጽ ያለብኝ አንድ ነገር አለ። ደንበኞቼ ይህን ማመልከቻ አንብበው ተቆጥተዋል። ሙቀቱን ለምን አነሳህ፣ ቧንቧው ምን አገባህ፣ ከረጢቱን ማን ጠየቀህ ብለው ውክልናቸውን ሊያነሱ ተነሱ። ያረጋጋኋቸው እንዲህ ብዬ ነው፤ «አትስጉ። ሰው የሚገድለውን ነገር ከማወቅ ይልቅ መርዝ መግዛት ይቀለዋል። ስፌት ገልጦ ከማየት ይልቅ ብልቃጥ ይከፍታል፤ ቀዳዳ ከመድፈን ይልቅ ድመት ይወቅሳል። እናንተን ያመጣው አልጋ ከአሮጌ ዕቃ ተራ በማን ገንዘብ ተገዛ? እህሉን ሳያደርቅ በጆንያ የከመረው ማን ነው? ሁላችሁንም በአንድ ስም እስከ ጠራችሁ ድረስ ማንም አይነካችሁም።» ይህን ሲሰሙ ውክልናውን ለሌላ 100 ሚሊዮን ዓመት አደሱልኝ።

ስለዚህ የምጠይቀው ዳኝነት አጭር ነው። አንደኛ፣ ማንም ቤተሰብ መድኃኒት ከመርጨቱ በፊት ተከሳሹን በመልክ፣ በቁመትና በአድራሻ ለይቶ ይመዝግብ። ሁለተኛ፣ ለአንዱ የተገዛ መርዝ በሌላው ላይ አይፈጸም። ሦስተኛ፣ ለእርሻ የተሠራ መርዝ እንጀራ በሚጋገርበት ክፍል የነሰነሰ ሰው፣ ደንበኞቼ ድነው ልጆቹ ከታመሙ፣ ከሳሽነቱ ቀርቶ በተከሳሽ ሳጥን ይቁም። አራተኛ፣ ፍርድ ቤቱ ከቤት ይውጡ የሚል ከሆነ፣ ምትክ ቦታ ይሰጠን።

ምትክ ቦታ መጠየቃችን ለሚያስቀው ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1587 በሳቮይ፣ ሳን ዡልየን በተባለች ከተማ የወይን አትክልተኞች የነቀዝ ወገን የሆነ ተባይ ከሰው ነበር። ተባዮቹ ጠበቃ ተሰጣቸው፤ ክርክሩ ወራት ፈጀ፤ በመጨረሻ የከተማዋ ሰዎች ተሰብስበው ተባዮቹ ሰፍረው የሚኖሩበት የራሳቸው መሬት ለመስጠት ተስማሙ። ጠበቃቸው ቦታውን አይቶ መሬቱ ጠፍ ነው፣ ለደንበኞቼ አይመጥንም ብሎ አልቀበልም አለ። ጉዳዩ እንዴት እንዳለቀ ግን አይታወቅም፤ የመዝገቡን የመጨረሻ ገጽ አይጥ ወይም ነፍሳት በልተውታል።

ስለዚህ ጉዳዩ ለደንበኞቼ ባይቀና እንኳ ቅሬታ አናቀርብም። ውሳኔው በወረቀት ተጽፎ፣ በተለመደው መዝገብ ቤት፣ በተለመደው ወለል ላይ እንዲቀመጥልን ብቻ እናመለክታለን።